ያልታየችው ረድፍ

በዘመናችን ሠንጠረዥ የማይገባበት የሥራ መስክ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ተማሪውን የሚያውቀው በሠንጠረዥ ውስጥ ባለች አንዲት ረድፍ ነው፤ ፋርማሲው መድኃኒቱን፣ ባንኩ ደንበኛውን፣ ቤተ መጻሕፍቱም መጽሐፉን የሚያውቀው እንዲሁ ነው። ረድፎቹ ጥቂት ሲሆኑ በዓይን ይነበባሉ፤ ሺህ ሲሞሉ ግን ከላይ እስከ ታች የሚያነባቸው ሰው አይገኝም። ስለዚህም በድረ-ገጽ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ከሠንጠረዡ በላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ወይም የምርጫ ዝርዝር ያስቀምጣሉ፤ ይህችም ማጣሪያ ትባላለች። ሠራተኛው በሳጥኗ ውስጥ «ባዮሎጂ» ብሎ ይጽፋል፤ የባዮሎጂ ተማሪዎች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ለዚያ ሠራተኛ ተማሪ ማለት በስክሪኑ ላይ የቀረው ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚህች ማጣሪያ፣ ይልቁንም ማጣሪያዋ በትክክል መሥራቷን እንዲመሰክሩ ስለሚጻፉት አውቶማቲክ ፍተሻዎች ነው። ርእሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ለእኛም ደረቅ ይመስለን ነበር፤ አንዲት ተማሪ በእኛ ስህተት ምክንያት ማደሪያ እስክታጣ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎች ሳለን ለመመረቂያ ሥራችን የመኝታ ክፍል ድልድልን የሚይዝ የድረ-ገጽ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። የተቀበለን ተቋም ስሙ እዚህ ላይ አያስፈልግም፤ ጥፋቱም የእኛ እንጂ የተቋሙ አልነበረም። በሠንጠረዡ ውስጥ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለ፤ በዓምዱም «ተመድቧል» ወይም «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ይጻፋል። የድልድል ኃላፊው በየጠዋቱ «ያልተመደቡ» የሚለውን ማጣሪያ ይጫንና የሚወጡለትን ስሞች ለየክፍሉ ያከፋፍላል። ሥራው ተቃንቶ ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሄደ፣ ከሌላ ቦታ ተዛውራ ዘግይታ የተመዘገበች አንዲት ተማሪ በኃላፊው ቢሮ ደጅ ስትጠና መሰንበቷን ሰማን። በሄደች ቁጥር የምታገኘው መልስ አንድ ነበር፦ «ካልተመደቡት ውስጥ ስምሽ የለም፤ እንግዲያው ተመድበሻል ማለት ነው።» ከተመደቡት ውስጥ ስትፈለግም አትገኝም። እርሷ ግን እነዚያን ሌሊቶች ሁሉ በጓደኛዋ አልጋ ጠርዝ ላይ ታድር ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። የልጅቱ መረጃ ከሌሎቹ ተለይቶ በእጅ የገባ ስለነበር በ«ሁኔታ» ዓምድ ውስጥ ምንም አልተጻፈም ነበር። የመረጃ ቋቶች የሚጠየቁበት ቋንቋ፣ ኤስኪዩኤል፣ እንዲህ ያለውን ባዶነት «ነል» ይለዋል። ነል ዜሮ አይደለም፤ ባዶ ቃልም አይደለም፤ «ዋጋው አይታወቅም» ማለት ነው። እኛ ለማጣሪያው የሰጠነው ትእዛዝ «ሁኔታው ‹ተመድቧል› ያልሆነውን ሁሉ አሳይ» የሚል ነበር። የማይታወቅ ነገር «ተመድቧል» ከሚለው ቃል ይለያል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የኤስኪዩኤል መልስ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን ሦስተኛ ነው፤ «አይታወቅም» የሚል። ማጣሪያው የሚያሳየው ደግሞ መልሱ «እውነት» የሆነለትን ረድፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከተመደቡትም ካልተመደቡትም ወገን አልሆነችም። በትምህርት ቤት ሎጂክ ስንማር አንድ ዓረፍተ ነገር ወይ እውነት ወይ ሐሰት ነው፣ መካከለኛ የለውም ተብለን ነበር፤ በመረጃ ቋት ውስጥ ግን መካከለኛው አለ፤ ሰውም ይወድቅበታል።

ይሁንና ያሳፈረን ይህ ብቻ አልነበረም። ነልን አለማወቅ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳተዋል። ያሳፈረን ለዚያ ማጣሪያ ፍተሻ ጽፈንለት የነበረ መሆኑ ነው። ፍተሻው በየቀኑ ይሮጥ ነበር፤ በየቀኑም አረንጓዴ ነበር፤ ልጅቱ ደጅ በጠናችባቸው ቀናት ሁሉ ጭምር።

አውቶማቲክ ፍተሻ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። የድረ-ገጽ ፍተሻ ማለት በሰው ፋንታ ገጹን ከፍቶ፣ ጽሑፍ ጽፎ፣ ቁልፍ ተጭኖ፣ የመጣውን ውጤት አንብቦ «ልክ ነው» ወይም «ስህተት ነው» ብሎ የሚፈርድ ሌላ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ጄሰን ሀጊንስ የጀመረው ሴሌኒየም በዚህ ረገድ ለብዙዎች መንገድ ከፋች ነበር፤ ዛሬ ብዙ ወንድሞች አሉት። ከነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ውስጥ ፍርድ የሚሰጠው ክፍል ግን አንድ ነው፤ እርሱም በእንግሊዝኛው «አሰርሽን» የሚባለው፣ እኛ እዚህ «ማረጋገጫ» የምንለው ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ ያረጀ ነው። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ በተደረገ ጉባኤ ላይ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ፣ የአንድ ረጅም ፕሮግራም ትክክለኛነት እንዴት ይመረመራል ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱም ፕሮግራመሩ በየደረጃው ለየብቻ ሊመረመሩ የሚችሉ ቁርጥ ያሉ ማረጋገጫዎችን ይስጥ የሚል ነበር፤ ይህንንም የብዙ ቁጥሮችን ድምር ዓምድ በዓምድ ከመመርመር ጋር አመሳስሎ አስረድቷል። ገጽ መክፈቱ፣ ቁልፍ መጫኑ ሁሉ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሯ ባዶ ከሆነች መንገዱ ሁሉ ከንቱ ነው።

የእኛ ማረጋገጫ እንዲህ ይል ነበር፦ «በሠንጠረዡ የሚታይ ረድፍ ሁሉ ሁኔታው ‹ተመድቧል› አይደለም።» ሲነበብ እንከን የለውም። የማጣሪያውን ትርጉም ቃል በቃል የሚናገር ይመስላል። ነገር ግን የሚናገረው ስለታዩት ብቻ ነው፤ ስላልታዩት አንዳች አይልም። ከዚህም የባሰ ጉድ አለበት። ማጣሪያው ፈጽሞ ተበላሽቶ አንድም ረድፍ ባያሳይ ይህ ማረጋገጫ እንደገና «እውነት» ይላል።

አንባቢ ይህን በሞሰብ ይመልከተው። እንግዳ ወደ ቤት ገብቶ ባለቤቷ «በዚህ ሞሰብ ውስጥ ያለ እንጀራ ሁሉ ትኩስ ነው» ብትለውና ክዳኑ ሲነሣ ሞሰቡ ባዶ ቢሆን፣ ዋሽታለችን? በሎጂክ ሕግ አልዋሸችም። ንግግሯን ሐሰት ለማድረግ ቢያንስ አንድ የቀዘቀዘ እንጀራ ከሞሰቡ ማውጣት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ እንጀራ ደግሞ የለም። ስለዚህ ንግግሯ እውነት ነው፤ እንግዳውም ጦሙን ያድራል። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ሲሉ የቃላት ጨዋታ እየተጫወቱ አይደለም፤ ስለ ባዶ ስብስብ የሚነገር «ሁሉም» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት ባይሆን ኖሮ የስብስብ ትምህርት ብዙ ቦታ ላይ ይፈርስ ነበር። የፕሮግራም ቋንቋዎችም ሕጉን ተቀብለው ይሠሩበታል። በፓይተን ባዶ ዝርዝር ለ«ኦል» ሲሰጥ፣ በጃቫስክሪፕት በባዶ ዝርዝር ላይ «ኤቭሪ» ሲጠራ፣ በጃቫም «ኦልማች» ሲጠራ መልሱ አንድ ነው፦ እውነት። ፍተሻው ረድፎቹን በየተራ እያነሣ የሚመረምር ዙር ቢሆንም ለውጥ የለም፤ ረድፍ ከሌለ ዙሩ አንድም ጊዜ አይዞርም፣ ምርመራ አይደረግም፣ ውጤቱም አረንጓዴ ይሆናል። ጥፋቱ የቋንቋዎቹ አይደለም፤ «ሁሉም ትኩስ ነው ወይ» ብሎ ብቻ ጠይቆ «እንጀራ አለ ወይ» ሳይል የቀረው ጠያቂ ነው።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው፦ የማጣሪያ ፍተሻ ከታዩት ረድፎች መነሣት የለበትም፤ ከመታየት ከሚገባቸው ረድፎች መነሣት አለበት። ማጣሪያ ሁለት ዓይነት በደል ሊፈጽም ይችላል። የማይገባውን ያስገባል፤ የሚገባውን ያስወጣል። የመጀመሪያው በደል በስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ሠራተኛው ራሱ ያየዋል፤ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ጠይቆ የፊዚክስ ተማሪ ቢመጣበት ይስቃል፣ ስልክ ይደውላል፣ ያርማል። ሁለተኛውን ግን ማንም አያየውም። የሌለች ረድፍ «የለሁም» ብላ አትጮኽም። ምርትን ከግርድ የምትለይ እናት በሰፌዷ ላይ የቀረውን ብቻ አይታ አታበቃም፤ የተንገዋለለውንም ዳሰስ አድርጋ ፍሬ አብሮ ወድቆ እንደሆነ ትለቅማለች። እኛ ግን የሰፌዱን ብቻ አይተን እጃችንን አራገፍን።

ለምሳሌ ስድስት ተማሪዎች ብቻ ያሉበት ሠንጠረዥ እናዘጋጅ። አበበ፣ ፀሐይና ኃይሉ ተመድበዋል፤ ሠናይትና መሐመድ በመጠባበቅ ላይ ናቸው፤ የጫልቱ «ሁኔታ» አልተሞላም። «ያልተመደቡ» የሚለው ማጣሪያ ሲጫን መውጣት የሚገባቸው ሠናይት፣ መሐመድና ጫልቱ ናቸው፤ ማረጋገጫውም መሆን ያለበት ይኸው ዝርዝር ራሱ ነው፦ እነዚህ ሦስቱ፣ ከእነዚህም ሌላ ማንም። የእኛ የተበላሸ ማጣሪያ የሚያወጣው ሠናይትንና መሐመድን ነው። «የታዩት ሁሉ አልተመደቡም» ብንል ያልፋል። «ሠንጠረዡ ባዶ አይደለም» ብንል ያልፋል። «አበበ አይታይም» ብንልም ያልፋል። የሚይዘው ዝርዝሩ ብቻ ነው።

ቁጥር መቁጠር ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ሦስት ረድፍ ይጠበቃል፣ ሦስት ረድፍ መጣ፣ አበቃ። እርግጥ ነው፣ በዚህ ምሳሌ ቆጠራ ስህተቱን ይይዘው ነበር። ነገር ግን ከጆንያው እህል ዘግኖ በምትኩ አሸዋ የሚጨምር ሌባ ሚዛኑን አያዛባም። ጫልቱ ብትወጣና አበበ ቢገባ ቁጥሩ ሦስት ነው። ይልቁንም አንዳንዶች የሚቆጥሩት ረድፎቹን ሳይሆን ከሠንጠረዡ ግርጌ የሚጻፈውን «3 ተማሪዎች ተገኝተዋል» የሚል ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው የሚወጣው ከዚያው ከተበላሸው ጥያቄ ስለሆነ ከረድፎቹ ጋር አብሮ ይሳሳታል።

ሌሎች ደግሞ ብልሃት የሚመስላቸውን ያደርጋሉ። ፍተሻው ራሱ ሙሉውን መረጃ ወስዶ፣ ራሱ አጣርቶ፣ ውጤቱን ከገጹ ጋር ያስተያያል። ይህን ሥራ የሚጽፈው ማን ነው? ማጣሪያውን የጻፈው ሰው ነው። በማጣሪያው ውስጥ «ተመድቧል ያልሆነ» ብሎ የጻፈ እጅ በፍተሻውም ውስጥ ያንኑ ይጽፋል፤ ተከሳሹ ለራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ ሁለቱ ሲስማሙም ችሎቱ በነጻ ያሰናብታል። የሚጠበቀው መልስ በሰው እጅ፣ በስም ተዘርዝሮ፣ ማጣሪያው ከመጻፉ በፊት ቢቀመጥ እንመርጣለን። አሰልቺ ነው። ግን ጫልቱ የት ትግባ ብሎ መወሰን የሚቻለው በዚያች አሰልቺ ሰዓት ነው። እኛ ያን ጥያቄ ለራሳችን አቅርበን አናውቅም ነበር፤ ብናቀርበው ኖሮ ፍተሻው ከመሮጡ በፊት ስህተቱን እናገኘው ነበር።

መረጃው አስቀድሞ በማይታወቅበት ጊዜም መንገድ አለ። የተመደቡትንና ያልተመደቡትን ለየብቻ አጣርተን ብናገናኛቸው ሙሉውን ሠንጠረዥ መመለስ አለባቸው፤ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይደገም። በእኛ ምሳሌ ሦስትና ሁለት አምስት ይሆናል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ግን ስድስት አሉ። ይህ ሰፌዱንም ግርዱንም ማየት ነው። ሐሳቡ ለጀማሪ ብቻ የሚሆን እንዳይመስል፣ በዙሪክ የስዊስ ፌዴራላዊ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ማኑኤል ሪገርና ዠንዶንግ ሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞችን ራሳቸውን በዚሁ መንገድ ፈትሸዋል። አንድን ጥያቄ እውነት ለሆነላቸው፣ ሐሰት ለሆነላቸውና «አይታወቅም» ለሆነባቸው ረድፎች በሦስት ከፍለው፣ ሦስቱ ተደምረው ሙሉውን ካልመለሱ ቋቱ ተሳስቷል አሉ። በዓለም ላይ እጅግ ከተሠራጩት መካከል በሆኑት በኤስኪውላይትና በማይኤስኪዩኤል ጭምር እስከዚያ ያልታወቁ ስህተቶችን አገኙ። ሦስተኛውን ክፍል ረስተው ቢሆን ኖሮ የእኛው ባልንጀሮች በሆኑ ነበር።

ድረ-ገጽ ሌላም ችግር አለው፤ ጊዜ። በሳጥኑ ውስጥ ቃል ሲጻፍ ሠንጠረዡ ወዲያው አይለወጥም። ገጹ ጸሐፊው እስኪጨርስ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ ለሰርቨሩ መልእክት ይልካል፤ መልስ ይጠብቃል፤ የቀድሞዎቹን ረድፎች ያነሣል፤ አዲሶቹን ይተክላል። ለሰው ይህ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ ነው። ለፍተሻው ግን ሰፊ ዘመን ነው፤ በዚህ ዘመን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሠንጠረዦችን ሊያይ ይችላል፦ ያልተጣራውን፣ ለመታደስ ባዶ የሆነውን፣ በመጨረሻም የተጣራውን።

አሁን ማረጋገጫችን «ሠናይት ትታያለች» የሚል ቢሆን ምን ይሆናል? ሠናይት ከማጣራቱ በፊትም በሠንጠረዡ ውስጥ ነበረች። ፍተሻው በመጀመሪያው እይታ ያገኛታል፤ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ማጣሪያው ገና አልተነካም። «አበበ አይታይም» የሚል ቢሆንስ? ሠንጠረዡ ለመታደስ ባዶ በሆነባት ቅጽበት አበበ አይታይም፤ ፍተሻው ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ አበበ ተመልሶ ቢመጣ የሚያየው የለም። የመኖር ማረጋገጫ ቀድሞ ይቸኩላል፤ ያለመኖር ማረጋገጫ በመካከሉ ይታለላል። «ሠናይት፣ መሐመድና ጫልቱ፣ ሌላ ማንም» የሚለው ግን ባልተጣራው ሠንጠረዥ ላይም፣ በባዶው ላይም ሐሰት ነው። እውነት የሚሆነው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ከዚህ የምንወስደው የሥራ ልማድ አለን፦ ማጣሪያው ከመነካቱ በፊት እውነት የሆነ ማረጋገጫ ስለ ማጣሪያው ምንም አይመሰክርም።

ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ይህን በከፊል ያግዛሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት ማረጋገጫው እውነት እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ካልተለወጠ በቀር እስከ 5 ሰከንድ ይታገሣል። የረድፎችን ጽሑፍ ከተሰጠ ዝርዝር ጋር በአንድ ጊዜ ማስተያየትም ይችላል። ነገር ግን በዚሁ መሣሪያ ውስጥ «አሁን ያሉትን ረድፎች ሁሉ ሰብስበህ ስጠኝ» የሚለው ትእዛዝ አይጠብቅም፤ በዚያች ቅጽበት ያለውን፣ ባዶም ቢሆን፣ አፍሶ ይሰጣል። በዚያ ዝርዝር ላይ ዙር የሚጽፍ ተማሪ ወደ ባዶው ሞሰብ ተመለሰ ማለት ነው። «ሁለት ሰከንድ ተኛ» የሚል ትእዛዝ በመካከል ማስገባት ደግሞ የሰነፍ መድኃኒት ነው፤ ኔትዎርኩ ፈጣን በሆነ ቀን ጊዜ ያባክናል፤ በዘገየ ቀን ያታልላል። ኔትዎርክ እንዴት እንደሚዘገይ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት የሚያሻው ሌላ ነው፤ ፊደላችን። ኃላፊው በሳጥኑ ውስጥ «ሃይሉ» ብሎ ቢጽፍ በሠንጠረዡ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ተማሪ ይወጣል? ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ አይደሉም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተለየ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሃ» 1203፣ «ሓ» 1213፣ «ኃ» ደግሞ 1283 ነው። ልዩ ልዩ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጡት የዩኒኮድ ሥርዓቶችም እነዚህን አያዋሕዱም፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ፣ መጀመሪያው በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ሁለተኛው በሦስቱ «ሀ»ዎች በግእዝም በራብዕም ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 አጻጻፍ። ከዚህ ላይ «ኃይለማርያም» በአንድ ቃል ወይስ በሁለት የሚለው ሲጨመር የመዝገብ ቤት ሠራተኛን መውቀስ ያዳግታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የምናከብራቸው ጓደኞቻችን አይስማሙንም። ፊደላቱ በግእዝ የተለያየ ትርጉም ያመጣሉ፤ ማደባለቅ ድንቁርናን ማጽደቅ ነው ይላሉ። በሚታየው ጽሑፍ ላይ እንስማማለን፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ሊታይለት ይገባል። በማጣሪያው ውስጥ ግን አንስማማም። ስሙን በ«ሀ» ያስመዘገበ ተማሪ ፈላጊው በ«ኀ» ስለጻፈ ብቻ እንደሌለ መቆጠር የለበትም። የትኛውም ወገን ቢረታ ግን ውሳኔው በፍተሻው ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለበት። ከላይ ባቀረብነው ሠንጠረዥ ውስጥ ኃይሉን፣ ሠናይትንና ፀሐይን ያስገባናቸው በአጋጣሚ አልነበረም። በውጭ አገር የተጻፉ የፍተሻ ምሳሌዎችን እንዳሉ የሚገለብጥ ተማሪ ጆንና ሜሪን ይዞ ስለሚፈትሽ ይህን ስህተት በጭራሽ አያገኘውም። የወር ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ የመጣ የምርጫ ዝርዝር 12 ወር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ በጳጉሜን የተወለደ ሰው በየትኛውም ወር ቢፈለግ አይገኝም። በፍተሻው መረጃ ውስጥ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ሕፃን ማስገባት ምንም አያስወጣም።

ሠንጠረዡ በገጽ በገጽ ተከፍሎ እንደሆነም ማጣሪያው ሙሉውን መረጃ እንጂ የተከፈተውን ገጽ ብቻ እንዳያጣራ መፈተሽ ይገባል፤ ለዚህም በሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻ የምትገኝ አንዲት ረድፍ ትበቃለች። ስለ ቅደም ተከተል ደግሞ፣ ማጣሪያው ስለ ተራ ቃል ካልገባ ሁለቱን ዝርዝሮች በፊደል ተራ ደርድሮ ማስተያየት ነው፤ አለበለዚያ ፍተሻው ያለ ጥፋት ይጮኻል፤ ያለ ጥፋት የሚጮኽ ውሻን ደግሞ ባለቤቱ መስማት ይተዋል።

ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1969 ፍተሻ የስህተትን መኖር እንጂ አለመኖርን ሊያሳይ እንደማይችል አሳስቦ ነበር። አባባሉን ሰነፎች ላለመፈተሽ ሰበብ ያደርጉታል። እኛ ግን ሌላ እንጨምርበታለን፤ መኖሩንም እንኳ ማሳየት የማይችል ፍተሻ አለ፤ የእኛ እንዲህ ያለ ነበር። እንዲህ ያለውን ለይቶ ለማወቅ አንድ መንገድ አለ፤ ፕሮግራሙን ሆን ብሎ ማበላሸት። ሪቻርድ ዲሚሎ፣ ሪቻርድ ሊፕተንና ፍሬድሪክ ሴይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በሥርዓት አቅርበውታል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ትንሽ ስህተት ይተከላል፤ ከፍተሻዎቹ አንዱም ካልቀላ የጎደለው ፍተሻው ነው። ለማጣሪያ ሦስት ማበላሸቶች ይበቃሉ። ማጣሪያው ሁሉንም ረድፍ ያሳይ፤ ምንም አያሳይ፤ አንዲቷን ይደብቅ። እያንዳንዳቸው ሁለት መስመር አይፈጁም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የድሮውን የመመረቂያ ሥራችንን አውጥተን ሦስቱንም ሞከርንበት። ሁሉንም ረድፍ ሲያሳይ ፍተሻችን ቀላ። ምንም ሳያሳይ አረንጓዴ ሆነ። አንዲቷን ሲደብቅም አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ የስድስቱን ተማሪዎች ሠንጠረዥ ተክለን ማረጋገጫውን በሦስት ስሞች ዝርዝር ተካነውና፣ ማጣሪያውን ሳንነካ፣ ልጅቱ ደጅ በጠናችበት ጊዜ እንደነበረው አድርገን አስሮጥነው። 5 ሰከንድ ጠበቀ፤ ቀላ፤ ከሥሩም «የጎደለ፦ ጫልቱ» ብሎ ጻፈ።